ያልሰመጡት ሰማጮች

«እንዲህ ቢሆን ኖሮ» እያሉ ታሪክን ጠረጴዛ ላይ እንደገና መዋጋት ነውር ነው እንዴ? እኔ አይመስለኝም። ሂትለር እ.ኤ.አ. በ1940 አቅዶ የተወውን የእንግሊዝ ወረራ፣ በ1974 በሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ሞዴል ዘርግተው ተጫወቱት። ከዳኞቹ አንዱ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች አዛዥ የነበሩት አዶልፍ ጋላንድ ናቸው። (የትናንት ጠላትን ዳኛ ማድረግ! ይኼስ ያስቀናል።) ጀርመን ተሸነፈች። በጨዋታው ስሌት ከተሻገሩት 90,000 ወታደሮች 26,000 ሞቱ፣ 15,000 ባሕር በላቸው።

ማንም አልሞተም፤ አውቃለሁ። የሚከነክነኝ ግን የአሻንጉሊቱ ወታደር ሲወድቅ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ ነገ ተመልሶ መዋጋቱ ነው። እናት የለውማ! ተጫዋቾቹ «የምናጠናው ውሳኔን ነው» ይላሉ፤ ልክ ናቸው። እኔም ብጋበዝ እቀመጣለሁ። ብቻ፣ አሻንጉሊቱ ከጠረጴዛው ሲነሳ «ነፍስ ይማር» የሚል አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር ደስ ይለኛል።