ስለ ነባቢት ነፍስና ስለ ሰሚ ጆሮ

የቀደሙት መምህራን የነፍስን ባሕርይ በሦስት ወገን ይናገሩታል፤ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ። ለባዊት መባሏ ስለምታስብ፣ ነባቢት መባሏ ስለምትናገር፣ ሕያዊት መባሏ ስለማትሞት ነው። ይህን ትምህርት ከጉባኤ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ማሰብና መናገር በአንዲት ነፍስ ለምን እንደ ተጣመሩ ቆም ብሎ የሚመረምር ጥቂት ነው። ነፍስ አሳቢ ብቻ ሆና ተናጋሪ ባትሆን ኖሮ የሰው ኀዘን በውስጡ ተዘግቶ በቀረ ነበር። ንግግርም ሰሚ ካላገኘ በባዶ ቤት ውስጥ እንደ ወደቀ ዕቃ ድምፅ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው የልቡን ጤና የሚጠብቀው ብቻውን ነውን? ወይስ የአንዱ ልብ ጤና በሌላው ጆሮ ዘንድ በአደራ የተቀመጠ ነው?

በዚህ ነገር የአገሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱ በሁለት ተከፍሎ ይገኛል። አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ቦታቸው ግን ለየብቻ ነው። ዝምታ የማይነቅዘው የባልንጀራን ነውር ሲሸፍን፣ ቍጣንም ሲያበርድ ነው። የራስን ሕመም ሲሸፍን ግን ዝምታ እንደ እህል ይነቅዛል፤ ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ጎተራ ይመስላል፤ እጅ የገባበት ጊዜ ግን ዱቄት ብቻ ይወጣል። ብዙ ሰው ሁለቱን ዝምታ ባለመለየቱ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይኖራል፤ ሆድም እንደ ተባለው ይፈጀዋል።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም። የቡና ዋጋ የወረደበት ገበሬ የወሰደውን ብድር ለሚስቱ ሳይነግር ይከርማል። ይህን የሚያደርገው እንዳትጨነቅ ሲል ነው። እርሷ ግን ጭንቀቱን አላየችም፤ ያየችው ፊቱ መጥቆሩን ነው፤ ስለዚህ ዝምታውን ጥላቻ ብላ ትተረጕመዋለች፤ እርሷም በበኩሏ ዝም ትላለች። በዚህ ዐይነት በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ምድጃ ዙሪያ፣ ሁለት ብቸኞች ይኖራሉ። ጥል የለባቸውም፤ ክፉ ቃልም አልተናገሩም፤ ነገር ግን ትዳሩ ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል።

በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ያለችው ከተማ ፍስሐ ገነት ትባላለች። ስሟን ለሚፈታው ፍስሐ ደስታ፣ ገነትም የአትክልት ቦታ ነውና የገነት ደስታ ማለት ይሆናል። ምድሪቱም ስሟን አታሳፍርም። ረጃጅሞቹ ዛፎች ከላይ ሆነው ጥላ ይሰጣሉ፤ በጥላቸው እንሰቱና ቡናው ይበቅላል፤ ከእነዚህም በታች ሌላው አዝርዕት የድርሻውን ቦታ ይይዛል። ይህ የጌዴኦ ሕዝብ ምድሩን የሚይዝበት ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በዚያ ቡናውን ከሚያቃጥል ፀሐይ የሚከልለው ጎረቤቱ ዛፍ ነው፤ የዛፉ ቅጠልም ረግፎ ለቡናው ሥር ምግብ ይሆናል። የዚህ ነገር ሰሙ አትክልት ነው፤ ወርቁ ግን ሰው ነው።

በመጽሐፍ የተነገረችው የመጀመሪያዪቱ ገነት እንኳ ፍሬዋ ሳይጎድል፣ ኃጢአትም ገና ሳይገባባት፣ አንድ ነገር መልካም አይደለም ተብሎባታል፤ ይኸውም የሰው ብቻውን መሆን ነው። ይህን ያስተዋለ ሰው የተከዘውን ባልንጀራውን ለመውቀስ አይቸኩልም። ብዙዎች የልብን ጭንቀት የእምነት ማነስ ወይም የስንፍና ምልክት ያደርጉታልና። ነገር ግን ሌላውን መሻት ከውድቀት በፊት በሰው ባሕርይ የነበረ ነው፤ ረኃብ ኃጢአት እንዳይደለ ሁሉ ሰሚ መፈለግም ኃጢአት አይደለም።

ይህችው ለምለም ምድር ታላቅ መከራም አይታለች። በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያና በሰኔ ወራት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ሕዝቡም በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ ሥራው ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ሳይቀር ተጠለለ። ሁለቱ ሕዝቦች በገበያና በጋብቻ የተሳሰሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። እህልና ድንኳን የሥጋን ረኃብና ብርድ ያስታግሣሉ፤ በጎረቤቱ እጅ የተጎዳ ሰው ግን ከንብረቱ በላይ ያጣው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ነገ ጧት በሩን ከፍቶ «እንዴት አደራችሁ» የሚልበት ድፍረት ነው። ይህን ድፍረት ማንም ብቻውን ተቀምጦ ሊመልሰው አይችልም። ከሰው የመጣ ቍስል ያለ ሰው አይጠግግምና።

አባቶች ይህን ስላወቁ ሸንጎ ሠሩ። ጌዴኦዎች ሶንጎ የሚሉት የሽማግሎች ጉባኤ የተጣሉትን ይዳኛል፤ በጌዴኦና በጉጂ መካከልም ጎንዶሮ የሚባል የዕርቅ ሥርዓት አለ። በየትም አገር እንዲህ ያለው ሽምግልና ጉልበቱ ከካሣው መጠን ይልቅ ከመደማመጡ ላይ ነው። የተበደለው በደሉን በሰው ፊት ይናገራል፤ የበደለውም እየመረረው ያዳምጣል። የተሰማ በደል ባይረሳም እንኳ እንዳልተሰማው በደል ልብን አይበላም።

መስማትም ራሱ ትምህርት ይፈልጋል፤ ሰው ሁሉ ጆሮ ስላለው ብቻ ሰሚ አይባልምና። ነቢዩ ኤልያስ ከሚያሳድደው ሞት ሸሽቶ በበረሃ ከክትክታ ዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፣ እሳት ከሰማይ ያወረደው ሰው ራሱ ሞቱን ለመነ። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ እምነትህ ወዴት አለ ብሎም አልጠየቀውም። አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንዲተኛም ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ነገሩ የተነሣው ብዙ መንገድ ከተሄደ በኋላ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ደግሞ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በመሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን ሌላ መከራ ሆኑበት። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው፤ ያዘነውን ሰው ማብላትና ማስተኛት፣ አጠገቡም መቀመጥ ይቀድማል፤ ምክር ኋላ ይደርሳል።

ምናልባት አንድ አስተዋይ ሰው ተነሥቶ፣ «ልቡን ለሰው የገለጠ ወሬ ሆኖ ይቀራል» ብሎ ይከራከር ይሆናል። ክርክሩ ውሸት አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ የሚቀዳው ቡና ሰው የሚጽናናበት ማዕድ ነው፤ ደግሞም በዚያው ሲኒ የሰው ስም ይታማበታል። ስለዚህ ጥፋቱ ከመናገር ሳይሆን አደራ ከመብላት ነው። የነፍስ አባት የንስሓ ልጁን ምስጢር እንዳያወጣ የታሰረበት ሕግ ለካህን ብቻ የተሠራ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የሰው ኀዘን የተነገረው ጎረቤት ሁሉ በዚያች ሰዓት ከዚህ አደራ አንዳች ተካፍሏል። ሐሜተኛ የሚያጠፋው የአንድ ሰው ስም ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ሊናገሩ የነበሩትን ብዙዎች አፋቸውን ያስይዛል።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ፤ ጆሮ ሁሉን አይፈውስም። ኀዘን አለ፤ ሕመምም አለ። አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ያህል ቀኑን ሙሉ ከተከዘ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ይወደው የነበረው ሥራ ከተጠላው፣ ይህ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነገር ነው። ሞቱን የሚመኝ ቢሆን ደግሞ ሳምንት መቍጠር አያስፈልግም፤ ያን ጊዜ ብቻውን ሳይተዉ ፈጥነው ወደ ሐኪም ሊያደርሱት ይገባል። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ብቻ ነበር፤ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ግን ሕክምናው በብዙ ከተሞች ይገኛል፤ የፍስሐ ገነት ሰውም ወደ ዲላ ቢወጣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ያገኘዋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሕመምተኛን በጓዳ በሰንሰለት አስሮ ከሰው ዐይን መሰወር ነባቢቱን ነፍስ ሁለተኛ ጊዜ አፏን መዝጋት ነው። ጠበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ለወባ ኪኒን የሚውጥ ሰው እምነቱን ካደ እንደማይባል ሁሉ ይህም እንዲሁ ነውና።

ብቸኝነት የአንድ አገር ብቻ ጉዳይ እንዳይደለ የዓለም የጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ተገልጧል፤ በዓለም ከ6 ሰዎች 1 በብቸኝነት ይጎዳል ተብሏል። ኢትዮጵያ ዕድር፣ ማኅበርና ሰንበቴ ያላት አገር ስለ ሆነች ይህ ነገር አይነካትም የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ስንት ማታ ብቻውን እንዳመሸ ግን በመዝገብ አይጻፍም። የአገሩም ሴት ኀዘኗን ስትናገር «ቡና አጣጪ አጣሁ» ትላለች፤ ቡናው ከጓሮዋ ሞልቶ ሳለ የጎደላት አጣጪው ነው። በከተማም ቤተ ሰቡ አንድ ላይ ተቀምጦ እያንዳንዱ በእጁ ስልክ ላይ ካቀረቀረ አጣጪ እያለ እንደሌለ ይሆናል።

የልብ ጤና የሚጠበቀው እንግዲህ በታላቅ ነገር አይደለም። የጧት ሰላምታ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ቤቱ በየተራ ይጠይቃል፤ መልሱ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ምስጋናው መልካም ነው። ጠያቂው ግን ከምስጋናው በኋላ ጥቂት ይቁም፤ ያላለቀ ነገር ያለበት ሰው የሚናገረው በዚያች በጥቂቷ ጊዜ ነውና። ባል ዕዳውን ለሚስቱ ይንገር፤ ሚስትም የነገራትን በጥል ቀን አታውጣበት። ካህን ልጁን በሚጠይቅበት ጊዜ ከጾሙና ከስግደቱ ጋራ እንቅልፉን ይጠይቅ። የከሰረ ነጋዴ፣ ወላድ እናት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ እንግዳ ያለበትን ቤት ጎረቤቱ ሳይጠራ ይሂድለት።

ስለዚህ ከላይ የተነሣው ጥያቄ መልሱ እንዲህ ይመስላል፤ ማሰብ ለእያንዳንዱ ለብቻው ተሰጥቶታል፤ መናገር ግን ለሁለት የተሰጠ ነው። የሚናገረው ሰው የራሱን ድርሻ ቢፈጽም ሌላው ድርሻ ከሰሚው ዘንድ ነው። ስለዚህ መስማት የቸርነት ሥራ ብቻ ተብሎ አይቈጠር፤ ሰው ለሰው ያለበት ዕዳ ነው፤ ዕዳም በቀኑ ካልተከፈለ ወለድ ይወልዳል።