ወሬ በበዛበት ሳምንት ምን እንጠይቃለን?

በአማርኛችን «ጠየቀ» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ ይሠራል። ያላወቀውን ለማወቅ አፉን የከፈተ ሰው ጠየቀ ይባላል፤ የታመመውን፣ የታሰረውንና ያዘነውን ለማየት ከቤቱ የወጣ ሰውም እንዲሁ ጠየቀ ይባላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደምናነበው፣ ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ የሚቆጥርልን መጠየቅ ሁለተኛው ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል የታሰሩት በአጋጣሚ ይሁን በጥበብ የቋንቋ ሊቃውንት ይመርምሩት፤ የቀድሞው ኑሯችን ግን ብዙም አይለያያቸውም ነበር። ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት በታንኳ የመጣ ሰው ባሕር ዳር ሲደርስ «ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ጠያቂውም የታመመ ወይም የሞተ መኖሩን ከሰማ በኋላ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ቤቱ ለመግባት ያፍር ነበር። ወሬው ከሚታወቅ ሰው አፍ ስለሚወጣ ሰሚውም በሰማው መጠን ዕዳ ይገባ ነበር።

ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው በእጃችን የያዝነውን ስልክ ነው። በጉግል የፍለጋ ሳጥን ውስጥ ጥቂት ቃላት እንጽፋለን፤ መልሱም ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ እንኳ ሳይቆይ ይመጣል። ጠያቂውን ማንም አያየውም፤ ስለ እርሱ የሚጠየቅበት ሰውም እንደ ተጠየቀ አያውቅም። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምሻው ጉዳይ ይህ ነው፦ ማንም ሳያየን የምንጠይቀው ነገር የኅሊና ጉዳይ ነውን? ነው ከተባለስ የሚመዘነው በምን ሚዛን ነው? ሐሰት ስለሚያሠራጨው ሰው ብዙ ተብሏል፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚባል ሕግም አለ። ስለ ጠያቂው ግን የሚናገር የለም ማለት ይቻላል።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር፣ ሁላችንም የምናስታውሳቸውን የ2011 ዓ.ም. ሁለት ሳምንታት እንመልከት። መጋቢት 1 ቀን እሑድ ጠዋት፣ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ፣ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በዚያ ሳምንት መላው ዓለም ጠየቀ። አውሮፕላኑ ምን ዓይነት ነው? ቦይንግ 737 ማክስ ነው። ከዚህ ቀደምስ ምን ደርሶበታል? አምስት ወር ሳይሞላው በፊት በኢንዶኔዥያ የላዮን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተውበታል። ይህ ጥያቄ ፍሬ አፈራ፤ አስቀድማ ቻይና፣ ቀጥሎም አውሮፓ፣ በመጨረሻም አሜሪካ በጥቂት ቀናት ውስጥ አውሮፕላኑን ከበረራ አገዱ። ብዙ ሰው አንድን ነገር አጥብቆ መጠየቁ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያተርፍበት ጊዜ አለና፣ የሕዝብን ጠያቂነት በጅምላ የሚነቅፍ ሰባኪ ቢኖር ይህን ያስታውስ።

በዚያው ሳምንት ግን ሌላ ዓይነት ጥያቄም ይሰማ ነበር። ስለ አብራሪዎቹ ዕድሜና ስለ በረራ ሰዓታቸው የጠየቁ ሁሉ ለማወቅ የጠየቁ አልነበሩም፤ ከነርሱ አንዳንዶቹ ምክንያቱን አስቀድመው ወስነው፣ ጥፋቱ የአፍሪካዊ አብራሪ እንዲሆን የሚሹ ነበሩ። የምርመራው የመጀመሪያ ሪፖርት መጋቢት 26 ቀን ሲወጣ፣ በጊዜው የትራንስፖርት ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ዳግማዊት ሞገስ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ተከትለው እንደ ነበር ገለጹ። ከሪፖርቱ በፊት ግን በሙታኑ ስም ላይ ብዙ ተብሎ ነበር።

ሦስተኛም ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም የተሳፋሪዎች ስም ነው። እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያሻል። በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ሐዘንተኛው በሩቅ ካለ ወሬው በድንገት እንዳይደርሰው ይጠበቃል፤ ሽማግሌዎችና የቅርብ ወዳጆች ይሰበሰባሉ፤ ማለዳ ገና ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል፤ የሚደግፉት እጆች ሳይዘጋጁ ቃሉ አይነገረውም። ይህን ሥርዓት የዘመኑ ሰው «እውነትን መደበቅ» እያለ ሲነቅፈው እሰማለሁ። በእርግጥም ተማሪው ፈተናውን እስኪጨርስ፣ ነፍሰ ጡሯ እስክትወልድ እየተባለ ለወራት የሚዘገይ መርዶ የራሱ ጉዳት አለው። የሥርዓቱ ሐሳብ ግን እውነትን መካድ አይደለም፤ እውነት ለሰው የሚነገረው ሊሸከመው በሚችልበት መልክ ይሁን፣ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባውም ከሁሉ በላይ የሚያዝነው ነው የሚል ነው። ስልኩ ይህን ቅደም ተከተል አያውቅም። ስሙን ለጻፈ ሁሉ፣ ለእናቲቱም ለመንገደኛውም፣ በአንድ ፍጥነትና በአንድ ድምፅ ይመልሳል። መንገደኛውም ከእናቲቱ ቀድሞ ቢያውቅ የተበላሸ ነገር ያለ አይመስለውም።

ሁለተኛው ሳምንት የእኛው የባሕር ዳር ነው። ሰኔ 15 ቀን ቅዳሜ የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው አቶ እዘዝ ዋሴ በስብሰባ ላይ ሳሉ ተገደሉ፤ የቆሰሉት የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። በዚያው ምሽት በአዲስ አበባ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረታ የወጡት ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግሥት የባሕር ዳሩን ድርጊት መርተዋል ያላቸው ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌም ሰኔ 17 ቀን ከባሕር ዳር ወጣ ባለ ስፍራ ተገደሉ። ከዚያች ቅዳሜ ማታ ጀምሮ ኢንተርኔት በሀገሪቱ ተቋርጦ ለቀናት ሰነበተ።

ስለዚህ በሐይቁ ዳር ያለው ሕዝብ በዚያ ሳምንት ምን እንደ ጠየቀ የሚያሳይ መዝገብ የለም። መጠየቅ የቻሉት ባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን ነበሩ፤ ነገሩ በሚሆንበት ከተማ ያለው ሰው ከዋሽንግተን ነዋሪ ያነሰ የሚያውቅበት ሳምንት ሆነ። እኛ ወደ ራዲዮና ወደ ቴሌቪዥን ተመለስን። ነገሩ ከዚህ ቀደምም በሌላ መልክ ደርሷል፤ በእኛ አቆጣጠር የ1994 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዕለት በኒው ዮርክ ሕንጻዎቹ በተመቱ ጊዜ፣ ጉግል ራሱ አዲሱን ወሬ የሚፈልግ ሰው ራዲዮና ቴሌቪዥን እንዲከታተል በገጹ ላይ ጽፎ ነበር። በሰኔው ሳምንት ግን የመንግሥት ወሬም ቢሆን ሁሉ ጊዜ የጸና አልነበረም፤ ጄኔራል ሰዓረን ገደለ የተባለው ጠባቂ ራሱን አጠፋ ተብሎ ከተነገረ በኋላ፣ ቆስሎ በሕክምና ላይ መሆኑ ተገልጾ ታረመ።

መስመሩ ቢቋረጥም ጥያቄው በሰው ልብ ነበረ፤ እርሱንም መገመት አያዳግትም። ወንድሜ በሕይወት አለን? ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነውን? ነገ ባንክ ይከፈታልን? ይህ የኑሮ ጥያቄ ነው። ማን አዘዘ፣ ስለ ምንስ? ይህም የዜጋ ጥያቄ ነው። ከነዚህ ጋር ግን ሌሎች ሁለት ነበሩ፤ የሟቹን አስከሬን የሚያሳይ ሥዕል ይገኝ ይሆን? ገዳዩስ ዘሩ ምንድን ነው?

ስለ ሥዕሉ ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በ10ኛው ክፍል ጽፎበታል። የዓይን አምሮት ከሌላው ሥጋዊ ደስታ የሚለየው፣ የሚያስጠላውንም ነገር መሻቱ ነው ይላል፤ ለምሳሌም የተቆራረጠ ሬሳ የተጋደመበትን ስፍራና ሊያዝኑና ሊገረጡ ወደዚያ የሚሮጡትን ሰዎች ያነሣል። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ደግሞ ነገሩን በሥርዓት ለይቶታል። ለዕውቀት መትጋትን በላቲን ስቱዲዮሲታስ ብሎ ከምግባራት ይቆጥረዋል፤ የተጣመመውን የማወቅ ጉጉት ኩሪዮሲታስ ይለዋል። ዕውቀት በራሱ ክፉ ነው አይልም፤ የሚመረምረው ፈላጊው የሚፈልግበትን ልብ ነው። የሌላውን ሰው ሥራ መመርመር እንኳ ለራስ መታረም ወይም ለባልንጀራ ጥቅም ከሆነ ምስጉን ነው፤ ለመናቅና ለማማት ከሆነ፣ ወይም እንዲሁ ያለ ፍሬ ከሆነ ግን ነውር ነው። ይህ ሚዛን በቀለምና በብራና ዘመን የተሠራ ቢሆንም ለስልካችን ልክ ሆኖ አገኘዋለሁ። አብራሪው ምን መመሪያ ነበረው ብሎ የጠየቀና አብራሪው ጥቁር ነውን ብሎ የጠየቀ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ጠይቀዋል፤ አንድ ሥራ ግን አልሠሩም።

«ዘሩ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ያስጨንቀኛል። የአንድ ሰው ዘር ቢታወቅ ስለ ድርጊቱ የሚጨምርልን ዕውቀት የለም፤ የሚያሳውቀን ነገ በማን ላይ መቆጣት እንደምንችል ነው። ስሙና ሥራው የታወቀው በዳይ አንድ ሰው ነበረ፤ ጥያቄው ሚሊዮን ያደርገዋል። ሁለቱም ከተሞች በአንድ ምሽት ሙታን በነበሯቸው ጊዜ ይህን መጠየቅ፣ ሐዘንተኛውን ከሐዘንተኛ መለየት ነበር።

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የፍለጋ ሳጥኑ ዓረፍተ ነገራችንን ሳንጨርስ ቀሪውን ራሱ ያቀርብልናል። ይህንንም የሚያደርገው በከፊል ከእኛ በፊት ሌሎች የጠየቁትን በማየት ነው። እንግዲህ በምስጢር የጠየቅሁት መስሎኝ ከብዙዎች ጋር ያዋጣሁት ጥያቄ፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ወጣት እንደ ምክር ሆኖ ይቀርባል፤ እርሱ ስለ ሰውየው ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ ስለ ዘሩ እንዲጠይቅ ይጋበዛል። ማሰናከያ የምንለው ከዚህ ይለያልን? እ.ኤ.አ. በ2016 እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጡ ማግሥት፣ በሀገራቸው ስለ ኅብረቱ በብዛት ከተጠየቁት አንዱ «የአውሮፓ ኅብረት ምንድን ነው?» የሚል እንደ ነበር ጉግል አስታወቀ፤ ዓለምም ሣቀባቸው። እኔ ግን አልስቅም። ጥያቄው ዘግይቷል እንጂ ጠያቂውን ትሑት ያደርጋል፤ ማንንም አይጎዳም።

ታዲያ ብዙ ሰው ክፉ የሚጠይቅ ከሆነ በሩን መዝጋት ይገባልን? ሐምሌ 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ኢንተርኔት ውኃና አየር አይደለም ብለው ነበር። ንግግሩ እንደ ቀልድ ሊታለፍ አይገባም፤ ግጭት የሚያቀጣጥል ሐሰት በአንዲት ሌሊት ስንት ቤት እንደሚያፈርስ መንግሥት የመጨነቅ ግዴታ አለበትና። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 መረጃን መሻትና መቀበል መብት መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ድንጋጌ ለኅብረተሰቡ ስለሚያስፈልገው ነገር ማወቅ የሰው መብት መሆኑን ተቀብሏል። በእኔ አስተያየት የመዘጋቱ ትልቁ ጉድለት ክፉውን ጥያቄ ሳይሆን ደጉን መምታቱ ነው። ሥዕልና ዘር ፈላጊው በአሉባልታ ይጠግባል፤ አሉባልታ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። «ወንድሜ አለን?» ያለው ግን ምትክ የለውም። የጣናን ውኃ አፍልተን እንጠጣለን እንጂ፣ ሰው ታመመ ብሎ ሐይቁን የሚያጥር የለም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ ይህ ጉዳይ እንደ ገና ተፈተነ። አንዳንዶች በዚያ ወራት ሰው ከከንቱ ወሬ ጾመ ብለው ሲያመሰግኑ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ሆቴል ለግማሽ ሰዓት ቋሚ መስመር ያገኘ ሰው የሚያስፈልገውን ያስቀድማል፤ ስለ ታዋቂ ሰዎች ጋብቻ አይጠይቅም። ነገር ግን ጾም የሚባለው ጿሚው ፈቅዶ ሲይዘው ነው፤ ሌላው ከከለከለው ስሙ ረኀብ ነው። ከዚህም በላይ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ «ባሕር ዳር» ብሎ ሲፈልግ የተኩስ ሥዕልና ርእሱ የሚጮኽ ተንቀሳቃሽ ምስል ይመጣለት ነበር፤ ከነዚህም አንዳንዱ የሌላ ዓመትና የሌላ ስፍራ ነው። እናቱ በዚያች ሰዓት በደኅና ቤቷ ተቀምጣ ቡና እያፈላች ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚነግረው ገጽ ግን አልነበረም።