ልምምድሽን ስትናገሪ ሕመምሽንም ተናገሪ

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የቀኝ ቅልጥምሽ መታመም ከጀመረ መሰነባበቱን፣ ስትሞቂ እንደሚለቅሽና ማታ ግን እንደሚመለስብሽ በዝርዝር ጽፈሽልኛል። አብረውሽ የሚሮጡት ልጆችም ሆኑ አሰልጣኝሽ እስካሁን እንደማያውቁ ደግሞ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ነግረሽኛል። ከሕመሙ ይልቅ ያሳሰበኝ ያቺ መስመር ናት። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ እግርሽን ላየው አልችልም። በየማለዳው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሁለት እርምጃ ከኋላሽ የምትሮጠው ልጅ ግን አረጋገጥሽ የተለወጠ ዕለት ከአንቺ ቀድማ ልታይ ትችላለች።

ከልምምድ ስትመለሱ ሰርቪስ ውስጥ የሚወራውን አውቀዋለሁ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሮጠ፣ የመጨረሻው ኪሎ ሜትር በስንት እንዳለቀ፣ ማን እንደመራች፣ ማን እንደተቆረጠች። ሰዓቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይታያል። ይህ መልካም ነው፤ የአንዷ ብርታት ሌላዋን ያነሳሳል። ነገር ግን የሚወራው ሁሉ ስለ ሁለት ሰዓት ልምምድ ነው። ስለቀሪው ሃያ ሁለት ሰዓት የሚናገር የለም፤ ማን እንቅልፍ አጥታ እንዳደረች፣ ማን ባዶ ሆዷን እንደወጣች፣ የማን ተረከዝ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ እንደሚይዛት አይነሳም። ሰውነት ደግሞ በልምምዱ ሰዓት ይደክማል እንጂ አይጠነክርም፤ የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ በሚበላውና በሚተኛው ነው። ልምምዷን ብቻ የነገረችሽ ጓደኛ ግማሹን አስቀርታብሻለች። የነገረችሽን ግማሽ ይዘሽ የእሷን ልምምድ ልድገመው ብትዪ የምትጎጂው አንቺ ነሽ።

ሰዓት ስትነጋገሩም ቦታው አብሮ ይነገር። 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ የሚሮጡት አንድ ኪሎ ሜትርና ወደ አቃቂ ወርደው አስፋልት ላይ የሚሮጡት አንድ ኪሎ ሜትር በሰዓት አይወዳደሩም። ኮሮኮንቹም የራሱ ሂሳብ አለው። አንዷ የጫካውን ቀላል ሩጫ፣ ሌላዋ የአስፋልቱን ፈጣን ሩጫ ስትናገር፣ የጫካዋ ልጅ ኮንዲሽኗ የወረደ ይመስላትና በማግስቱ ማረፍ ሲገባት ትፈጥናለች። ብዙ ልጆች ለጉዳት የሚዳረጉት በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ቅልጥምሽ ልመለስ። አውራ ጣትሽን በአጥንቱ የውስጥ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለሽ አስኪጂው። ሕመሙ ረዘም ባለ ቦታ ላይ ተበትኖ የሚሰማሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋንና ጡንቻው የተቆጣበት ነው፤ ልምምድ ቀንሰሽ፣ ከአስፋልት ወደ ሣር ወርደሽ ሊሻልሽ ይችላል። አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ላይ ብቻ ከወጋሽ፣ በዚያ እግርሽ ብቻ እንጣጥ ስትዪ ከባሰ፣ ወይም ሌሊት ተኝተሽ እንኳ ከተሰማሽ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላልና አንድ ቀን እንኳ አትሩጪበት። አንቺ ማታ ይመለስብኛል ብለሽኛል፤ ስለዚህ ሐኪም ሳያይሽ ለሩጫ አትነሺ። ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተራ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ራጁ ንጹሕ ነው ተብለሽ ሕመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ እንዲታዘዝልሽ ጠይቂ። ወጌሻውም አጥንቱን አጥብቆ እንዳያሽ ንገሪው። በጊዜ የተያዘ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕረፍት ይበቃዋል፤ ተደብቆ የተሮጠበት ግን የውድድር ዓመቱን በሙሉ ሊበላ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተሽ አድገሻል።

ለምን እንደደበቅሽ አልጻፍሽልኝም፤ ግን ይገባኛል። ብናገር ከቡድኑ እቀራለሁ፣ አሰልጣኙ በሌላ ይተካኛል፣ ማናጀሩ ውድድር አይሰጠኝም ብለሽ ነው። ይህ ባዶ ፍርሃት ነው አልልሽም። እውነቱን የተናገረ ሯጭ ውድድር ሊያመልጠው ይችላል፤ ሚኒማ የምታሟይበት ቀን አልፎሽ ሌላዋ ልትሄድ ትችላለች። ያማል። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ፓሪስ ላይ የሆነውን አስቢ። ሲሳይ ለማ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የቦስተንን ማራቶን በ2:06:17 አሸንፎ ለኦሊምፒክ የተመረጠ ሯጭ ነበር። ጉዳት ሲገጥመው ቦታውን ለተጠባባቂው ለታምራት ቶላ ለቀቀ። ታምራት በ2:06:26 አዲስ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዝግቦ ወርቁን አመጣ፤ ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ከ24 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ታምራት ካሸነፈም በኋላ ዕድሉን የሰጠው ሲሳይ መሆኑን በአደባባይ ተናገረ። ሲሳይ ጉዳቱን ደብቆ መነሻው መስመር ላይ ቢቆም ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር? ኦሊምፒክን የሚያህል ነገር መልቀቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው ዕድሜውን ሙሉ የሮጠ ሰው ብቻ ነው። ለእኔ ያ ሜዳሊያ የሁለት ሰዎች ነው።

አበበ ቢቂላን እየጠቀሱ የሚያጀግኑሽ አይጠፉም። ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከአንድ ወር ጥቂት በዘለለ ጊዜ ሮጦ አሸነፈ፤ አንቺስ ቅልጥም አመመኝ ብለሽ ትቀመጫለሽ? ይሉሻል። ታሪኩ እውነት ነው። አበበ በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት ያንን ሩጫ በ2:12:11 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። ነገር ግን የአበበ ቀዶ ጥገና ምስጢር አልነበረም፤ ሐኪሞቹም አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነንም ያውቁ ነበር፤ ልምምዱን የጀመረውም ታክሞ ነው። ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ያው አበበ እግሩን ተጎድቶ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ቶኪዮን የሚተርኩልሽ ሰዎች ሜክሲኮንም ይተርኩልሽ።

በስንት ፍጥነት እንደምትሮጡ የሚወስነው አሰልጣኙ ነው፤ እኔ አልገባበትም። ስለ መምራት ግን አንድ ነገር ልበልሽ። በቡድን ስትሮጡ የፊተኛዋ ነፋሱንም ሐሳቡንም ትሸከማለች፤ የኋለኞቹ የእሷን እግር እየተከተሉ ይመጣሉ። መምራት እንደ ደቦ ነው፤ ዛሬ በአንቺ ማሳ ላይ የዋለች ነገ በእሷ ማሳ ላይ ትውይላታለሽ። ሁልጊዜ ከኋላ ተደብቃ መጥታ መጨረሻው ላይ ብቻ የምትፈተለክ ልጅ ጓደኞቿን እያደከመች ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ድብቁ ልምምድ ነው። ቡድኑ ዕረፍት በተባለበት ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ብቻዋን ዳገት የምትሠራ ልጅ አለች፤ ለማንም አትናገርም። በማግስቱ ስትደክም አሰልጣኙ ምክንያቱ አይገባውም፤ ልምምዱ የከበዳት መስሎት ለሁሉም ይቀንሳል። ወይም አቅሟ ያነሰ ይመስለውና ይተዋታል። አሰልጣኝሽ የማያውቀውን ኪሎ ሜትር አትሩጪ።

የቤታችሁን ነገር ላንሳ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ለዚህ ነው። አንድ ክፍል ተከራይታችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ስትኖሩ ማረፍም እንደ ልምምዱ የጋራ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ስልክ ብታስጮህ የጓደኛዋን ልምምድ አበላሸችባት ማለት ነው። ከረጅም ሩጫ በተመለሳችሁ ቀን ማን ምሳ እንደምትሠራ ከዋዜማው ተነጋገሩ፤ ሁላችሁም ደክማችሁ ሻይ በዳቦ ጠጥታችሁ የምትተኙበት ቀን አይኑር። ከሩጫ እንደተመለሳችሁ በሶ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከዚያ ምሳው እስኪደርስ ትታጠባላችሁ። በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስንቅ ረጅም ሩጫ ላይ ካለቀ ተመልሶ እስኪሞላ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋልና በዚያ ቀን ምግብ አትቀንሱ። በጾም ወራት ደግሞ የምትጾመዋን አሰልጣኙ ይወቃት። ጹሚ አትጹሚ የሚልሽ እኔ አይደለሁም፤ ግን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ያልቀመሰች ልጅ ከሰዓት በኋላ ፈጣን ልምምድ ላይ ስትወድቅ ማየት አልፈልግም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሱፍና ተልባውን አብዙት። ትኩሳት ያላት ልጅ አትሮጥም፤ ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

አሁን ሴት ለሴት ላናግርሽ። የወር አበባሽ ከቀረ ይህንንም ተናገሪ። ብዙ ልጆች ልምምድ ሲከብድ መቅረቱ የጥንካሬ ምልክት ይመስላቸዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ይደሰቱበታል። ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ያነሰ ምግብ ሲያገኝ መጀመሪያ ከሚዘጋቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ ቀጥሎ አጥንት ይሳሳል፤ የቅልጥም ስንጥቅም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2006 ዓ.ም. ለዚህ ችግር ስም አውጥቶ ሐኪሞች እንዲከታተሉት መመሪያ ያወጣው ጉዳዩ የብዙ ሯጮች ስለሆነ ነው። ለወንድ አሰልጣኝ ለመናገር ካፈርሽ ለቡድኑ ሐኪም ወይም ለታላቅ ጓደኛሽ ንገሪና እሷ ታድርስልሽ። ሩጫው ያለወትሮው እየከበደሽ፣ ትንሽ ዳገት ላይ ልብሽ እየመታ ከሆነ ደግሞ ደምሽንና የብረት ክምችትሽን ተመርመሪ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርጉ ከገበታው ራቅ አድርገሽ ጠጪ፤ ወጥሽ ላይ ሎሚ ጨምቂበት። የብረት ክኒን ግን ሳትመረመሪ አትዋጪ።

ስለ ክኒን ካነሳን፣ ምግባችሁን፣ እንቅልፋችሁን፣ ሐሳባችሁን ተካፈሉ፤ መድኃኒት ግን አትካፈሉ። ጓደኛሽ እኔን አሽሎኛል ብላ የሰጠችሽ ክኒን ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂም። በሕጉ መሠረት በሰውነትሽ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ጓደኛዬ ሰጠችኝ ማለት አያድንሽም። ከከባድ ልምምድ በኋላ ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ መሰቀል እንደ ተራ ነገር ሲታይ እሰማለሁ። ሆስፒታል ውስጥ ለሕክምና ካልሆነ በቀር በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር መውሰድ የተከለከለ ነው። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም የሚወጋው ዴክሳሜታዞንም በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። መርፌ ሊወጉሽ ሲሉ ሯጭ መሆንሽን አስቀድመሽ ተናገሪ፤ የመድኃኒቱንም ስም አጽፊ።

ጓደኞችሽ ሕመምሽን ሲያውቁ ይንቁኛል ብለሽ አትስጊ። በ1996 ዓ.ም. ነሐሴ አቴንስ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትሩን የሮጠው የተረከዙ ጅማት እያመመው ነበር። ሕመሙን የቡድን ጓደኞቹ ያውቁ ስለነበር ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ዞር እያሉ እያዩ እንዲደርስባቸው ቀዝቀዝ አሉለት። በኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ ተፎካካሪ ባለበት ማለት ነው። ኃይሌ አልቻለም፤ አምስተኛ ወጣ። ቀነኒሳ በ27:05.10 አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ሆኑ። ስንጠብቀው ወርቁ ያመልጠናል ብለው አልሸሹትም፤ ወርቁም አላመለጣቸውም። እኔ ያንን ሩጫ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አሁንም ቀነኒሳ አንገቱን ሲያዞር ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ስታገግሚም ልምምድ ቦታ ከመሄድ አትቅሪ። ሰዓት ያዢላቸው፣ ውኃ አቀብዪ፣ የማን አረጋገጥ እንደተለወጠ እይ። ቤት የዋለ ጉዳተኛ ሐሳቡ ይከፋል፤ ሳይድንም ለመሮጥ ይቸኩላል። ስትመለሺ በየተራ መሮጥና መራመድ ጀምሪ፤ በማግስቱ ጠዋት ቦታው እንዴት እንዳደረ ሳታይ አትጨምሪ፤ ያየሽውንም በደብተር ጽፈሽ ለአሰልጣኝሽ አሳዪው።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ ከቆላ የመጣች ልጅ እንዳለች፣ ማንም እንደማያናግራትና ሁልጊዜ ከኋላ እንደምትቆረጥ ጽፈሽልኛል። እንጦጦ ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት ደካማ ስለሆነች አይደለም፤ ደሟ ከፍታውን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። ይህን የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም። አንቺ እስክትድኚ ከእሷ ጋር ተራመጂ። የትኛው ቀን ቀላል፣ የትኛው ቀን ከባድ እንደሆነ፣ ለአስፋልቱ ቀን ሰርቪሱ ከየት በስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ለቅዝቃዜው ምን እንደምትለብስ ንገሪያት። ከዚያ እግሯን የሚያማት ቦታ ካለ ጠይቂያት፤ ስትጠይቂያትም የአንቺን ቅልጥም አስቀድመሽ ንገሪያት።