አግዳሚው ላይ ተቀመጡ

ልጆቼ፣ ሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ክፍል የተመደባችሁ ቀን ብዙዎቻችሁ ደስ እንዳላላችሁ አውቃለሁ። ሕክምና ወይም ምህንድስና የደረሰው ጓደኛችሁ እልል ሲባልለት፣ የእናንተን የሰማ ዘመድ «እሱ ደግሞ ምን ያሠራል?» ብሎ ዝም ይላል። እኔም ስሜን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፈልጌ ያገኘሁት በሦስተኛ ምርጫዬ ሥር ነበር። ዛሬ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበትኩ በኋላ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር፣ ያን ቀን ያዘንኩት የተመደብኩበትን ነገር ስለማላውቀው ነበር።

መምህራኑ በመጀመሪያው ሳምንት ትምህርቱ ራሱን ችሎ የቆመው አሜሪካዊው ውድሮው ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1887 ካወጣው ጽሑፍ ወዲህ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ይህን ያዙት፤ ፈተና ላይ ይመጣል። ግን ቃሉን በራሳችን ቋንቋም መርምሩት። «አስተዳደረ» የሚለው ግስ ሥሩ «አደረ» ነው። «መተዳደሪያ» ስንል እንጀራ የሚገኝበትን ሥራ ማለታችን ነው። «ቤተሰብ አስተዳዳሪ» የምንለውም ልጆቹ ሳይራቡ እንዲያድሩ የሚለፋውን ሰው እንጂ ቤት ውስጥ የሚጮኸውን አይደለም። እኔ ይህን ያስተዋልኩት ከተመረቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እናንተ ከወዲሁ ብታስተውሉት እወዳለሁ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፌን በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ልሠራ መጠይቅ አባዝቼ ሄድኩ። «በጣም ረክቻለሁ» ከሚለው አንስቶ «በፍጹም አልረካሁም» እስከሚለው አምስት አምስት ሳጥን ነበረው። ባለጉዳዮች ከሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው የያዙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠው ነበር። ጎናቸው ተቀምጬ ጥያቄዬን ማንበብ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ፋይሌን ያገኝልኛል?» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ስለ መሬታቸው ጉዳይ ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ፋይልዎ የለም» ተብለው ተመልሰዋል። መጠይቁን ከቦርሳዬ ከተትኩና መዝገብ ቤት ገብቼ ሠራተኛዋን አብሬ እንድፈልግ ለመንኳት። ደግ ሴት ነበረች፤ ፈቀደችልኝ። የሽማግሌው ስም የሚጀምረው በሦስት ዓይነት ፊደል ሊጻፍ በሚችል ድምፅ ነው። እሷ የፈለገችው በሃሌታው «ሀ» መደርደሪያ ነበር። ከእሷ በፊት የነበረው መዝጋቢ ግን የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ሰው ኖሮ ስሙን አጥርቶ በብዙኃኑ «ኀ» ጽፎ፣ ፋይሉንም በዚያው አስቀምጦታል። ከሰዓት በኋላ አገኘነው። ሦስት ጊዜ ያመላለሳቸው አንድ ፊደል ነው።

የማኅበረሰብ ጥናት ሊቁ ማክስ ቬበር ዘመናዊ ቢሮ የሚቆመው በጽሑፍ ሰነድ ላይ ነው ብሎ እንዳስተማረ በቃሌ አውቅ ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ሰነዱ በምን ፊደል እንደሚደረደር ግን ለአንድ ቀንም አስቤ አላውቅም። በአምስቱ ሳጥኔ ውስጥም የሽማግሌው ችግር የሚገባበት አልነበረም፤ ምልክት ቢያደርጉልኝ ኖሮ «በፍጹም አልረካሁም» የሚል አንድ ቁጥር ሆነው ይቀሩ ነበር። ስለዚህ ማንም ሳያስገድዳችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። ገቢና ወጪ ደብዳቤ እንዴት ቁጥር እንደሚሰጠው፣ ማን ለማን እንደሚመራው፣ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እንደሚከርም እዩ። በየመሥሪያ ቤቱ ዝቅ ተደርጎ የሚታየው ይህ ክፍል ነው፤ የባለጉዳዩ ቀን የሚቃናው ወይም የሚጠፋው ግን እዚያ ነው።

ሌላው የማዝንበት ነገር ቋንቋ ነው። የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የምትሠሩት ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛ ወይም በየክልላችሁ የሥራ ቋንቋ ነው። ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ንድፈ ሐሳብ አራት ገጽ በእንግሊዝኛ የጻፈ ምሩቅ የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። የእኔም እንደዚያው ነበር። የመጀመሪያ አለቃዬ የጻፍኩትን የአንድ ገጽ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ በቀይ አቅልመው መለሱልኝ። «ማን ምን እንዲያደርግ ነው የምትጠይቀው? እስከ መቼ? ይሄን ከላይ አምጣው» ይሉኝ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከዩኒቨርሲቲ ያላገኘሁትን አስተማሩኝ። እናንተ ያን ቀን አትጠብቁ። በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ በሥራ ቋንቋችሁ ጻፉና ቢሮ ገብታ ለማታውቅ እናት ወይም አክስት አንብቡላት። ያልገባት ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሩበት።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቶባችኋል፤ መፍራታችሁ ይገባኛል። የፈተና ጥያቄ በማባዛትና በመሸምደድ ብቻ አራት ዓመት እንዳያልፍባችሁ ግን እሰጋለሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ለጡረታ የሚሆን የባሏን የአገልግሎት ማስረጃ ልትወስድ መጣች። ፋይሉን ገለጥ አድርጌ አየሁና «አይቻልም» አልኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ወዴት እንደምትሄድም አላመለከትኳት። ችኩል ነበርኩ፤ ወንበሩም አኩርቶኝ ነበር። ከወራት በኋላ ጉዳይዋ እንደገና እጄ ሲገባ፣ የጎደለው ባሏ ንብረት ማስረከቡን የሚያሳይ አንድ ፊርማ ብቻ እንደነበር አየሁ። በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ነገር ነው። በእነዚያ ወራት ልጆቿን በምን እንዳሳደረች አልጠየቅኳትም፤ ለመጠየቅ አፈርኩ።

ዛሬ እናንተን የሚያግዝ ሕግ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል ተቋም ውሳኔ ምክንያቱን እንዲገልጽ ያዛል፤ ቅር የተሰኘውም ሰው ውሳኔውን በፍርድ ቤት ማስመርመር ይችላል። አዋጁን ከመምህራችሁ ማስታወሻ ሳይሆን ከነጋሪት ጋዜጣው ራሱ አንብቡት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ የተበደለ ሰው መንገዱ ደጅ ጠንቶ «አቤት!» እያለ መጮህ ነበር። ድምፁ የደረሰለት ይሰማል፤ ያልደረሰለት ይመለሳል። አሁን ድምፁ የሚደርሰው እናንተ በምትጽፉት ምክንያት በኩል ነው። እንቢ ስትሉ «የጎደለው ይህ ነው፣ የሚገኘው እዚህ ነው» ብላችሁ በጽሑፍ ስጡ። በስልክ «እንዲህ አድርግለት» የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ደግሞ በትሕትና «በደብዳቤ ይድረሰኝ» በሉ። አብዛኛው ስልክ ደብዳቤ ሆኖ አይመለስም።

ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ወር ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ ይበዛል። ከባለጉዳይ ኪስ መሙላት የሚጀመረውም እንዲህ ባለው ወር ስለሆነ፣ ከመቀጠራችሁ በፊት ከቤተሰባችሁ ጋር ስለ ኑሯችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። ከወንበራችሁ ምን መጠበቅ እንደሌለባቸው ቀድመው ይወቁ።

ክረምቱ ሲመጣ ወደየአገራችሁ ትሄዳላችሁ። ሦስት ቀን ብቻ ወስዳችሁ ከወረዳችሁ ወይም ከቀበሌያችሁ ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። መጠይቅ አትያዙ፤ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ማንበብ የማይችል ካለ ማመልከቻውን ጻፉለት። ቢሮው በ2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ባለጉዳዮቹን ግን ከዚያ በፊት ደርሰው ታገኟቸዋላችሁ።