ሰው ከምን ተሠራ? ሰውስ ምንድን ነው?

ከእሑድ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍል በኋላ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወደ እኔ ቀርቦ፣ «አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለኝ። «በከሰል ውስጥ ያለው ካርቦንና በእኔ ሰውነት ውስጥ ያለው ካርቦን አንድ ዓይነት እንደ ሆነ ተምረናል። ታዲያ ከሰል ማቃጠል ኀጢአት ካልሆነ፣ ሰውን መግደል ኀጢአት የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?» ጥያቄው ከድፍረት ሳይሆን ከቅን ልብ የመጣ ነበር። ብዙ ወጣቶችም ይህንኑ ሳይናገሩት በልባቸው ይዘውት ስለሚኖሩ፣ መልሱን አስፋፍቼ ለአንባብያን ማቅረብን ወደድሁ።

አስቀድሞ ተማሪው የተናገረው እውነት መሆኑን መቀበል ይገባል። በዙሪያችን የምናየውና የምንዳስሰው ቁስ አካል ሁሉ ከአቶሞች የተገነባ ነው። ኧርነስት ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳስረዳው፣ አቶም በመካከሉ እጅግ ጥቃቅን የሆነ እምብርት አለው፤ ይህም እምብርት የአቶሙን ክብደት ከሞላ ጎደል ሁሉ ይሸከማል። የካርቦን አቶም በእምብርቱ ውስጥ 6 ፕሮቶኖች አሉት፤ በከሰልም ይሁን በሰው ልብ ቁጥሩ አይለወጥም። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 43 ኪሎ ያህል ኦክሲጅን፣ 16 ኪሎ ያህል ካርቦን፣ 7 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን፣ የቀረውንም ናይትሮጅን፣ ካልሲየም፣ ፎስፎረስና ሌሎችን በሰውነቱ ይይዛል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለሰው ብቻ የተለየ አይደለም።

ይህ ለእምነታችን እንግዳ ነገር ሊመስለን አይገባም። አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተፈጠረ ያስተምሩ ነበር። ዛሬ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 118 ደርሰዋል፤ ቁጥሩ ተለወጠ እንጂ፣ ሥጋችን ከምድር የተገኘ መሆኑ አልተለወጠም። ነገር ግን አባቶቻችን በአራቱ አላቆሙም። ለባዊነትን፣ ነባቢነትንና ሕያውነትን፣ እነዚህንም ሦስቱን የነፍስ ባሕርያት ጨምረው ሰውን ሙሉ አድርገው ገለጡ።

ሕይወት ያለው አካል የአቶም ክምር ብቻ አለመሆኑን ሳይንስም ራሱ ይመሰክራል። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ስስ የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ያገኛቸውን ትንንሽ ክፍሎች «ሴል» ብሎ ሰየማቸው፤ እኛም ሕዋስ እንላቸዋለን። ሩዶልፍ ቪርቾ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1855 እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ አስተማረ። በሰውነታችን 30 ትሪሊዮን ያህል ሕዋሳት ይገኛሉ። ከእነዚህም ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ ይጠፋል፤ ሌላም ይተካዋል። ትናንት በጤፍ ውስጥ የነበረው አቶም ነገ በደማችን ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመት በፊት በመንበረ ታቦቱ ፊት ቃል ኪዳን የገቡ ባልና ሚስት፣ «ያን ጊዜ የነበረው ደማችን ዛሬ የለም» ብለው ከቃላቸው ነጻ አይሆኑም።

«ወንዝም ውኃው እያለፈ ስሙን ይዞ ይኖራል» የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ወንዝ ግን ቃል አይገባም፣ አይጸጸትም፣ ይቅርታም አይለምንም።

ለተማሪው የሰጠሁት ምሳሌ የብራና ዳዊት ነበር። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው፤ ጥቁሩም ቀለም የሚዘጋጀው ከጥላሸት ነው፤ ጥላሸትም እንደ ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ቀለሙን የመረመረ ሰው ካርቦን አገኘሁ ቢል አልዋሸም። ነገር ግን «ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ካርቦን ብቻ ነው» ቢል ተሳስቷል። ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ፣ ምን እንደ ሆነ ማወቅ አይደለምና። ምሳሌው ግን ዳር አለው፤ መጽሐፍ ራሱን አያነብም፣ ሰው ግን «እኔ ምንድን ነኝ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1312 በቪየን ጉባኤ፣ ለባዊት ነፍስ በራሷና በእውነት ለሥጋ ህላዌውን የምትሰጥ መሆኗን አስተምራለች። እንግዲህ ነፍስ በሕዋሳት መካከል ተሸሽጋ በማይክሮስኮፕ የምትፈለግ አንዲት ቅንጣት አይደለችም። ሥጋም ነፍስ የምትጥለው አሮጌ ልብስ አይደለም። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

ተማሪው ዝም ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻም፣ «አያቴ ታማ ተኝታለች፤ አታውቀኝም። ሐኪሙ የአንጎሏ ሕዋሳት እየሞቱ ነው ብሎናል። አሁንም እርሷ ናት?» አለኝ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ ከየት እንደ መጣ ገባኝ።

ለባዊነት የሰው ባሕርይ ነው እንጂ የዕለት ሥራው ብቻ አይደለም። የተኛ ሰው አያስብም፤ ሰውነቱ ግን አይቋረጥም። የሞቱ ሕዋሳት ትዝታን ይወስዳሉ፣ ቃልንም ያስቀራሉ፤ ያቺ ሴት ማን እንደ ሆነች ግን አይወስኑም። ክብሯ በማስታወስ አልተገኘም፤ በመርሳትም አይጠፋም። በማኅፀን ያለው ጥቂት ሕዋስ፣ ጉልበቱ ያለቀበት ሠራተኛ፣ ከአልጋ የማይነሣ ሽማግሌ፣ ሁሉም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ፤ ሚዛኑም በኪሎ ግራም አይቈጥርም።

ስለዚህ እንዲህ አልሁት፦ «እርሷ ናት። ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ፣ እጇን ይዘህ በስሟ ጥራት። እርሷ ባታውቅህም፣ አንተ ታውቃታለህ፤ የፈጠራትም ያውቃታል።»