የማይነበብ ጸሎት፥ ጸሎት ነው ወይ?

ክታብን እናውቀዋለን። ደብተራው በግዕዝ ይጽፈዋል፤ የባለቤቱን የክርስትና ስም ከመሐል ያስገባበታል፤ ብራናው ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ብዙ ጊዜ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፥ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይጠብቅ ዘንድ። እናት ስለ ሕፃኗ ስታስጽፍ የሱስንዮስና የወርዝልያ ታሪክ ይገባበታል። እሷ ግን አታነበውም፤ ተሰፍቶ የለ!

እኛ ዘመናዮቹ «እንዲህ ያለው ጸሎት አይደለም» ማለት ይቀናናል። ጸሎት ልብ የሚለው እንጂ አንገት የሚሸከመው አይደለም እንላለን። ይህ ግን ቶሎ የተገኘ መልስ ነው። ክርስትና የሚነሳ ሕፃንም ከሚባልለት አንዲት ቃል አይገባውም፤ ሌላ ሰው ያምንለታል። እናቲቱስ ከዚህ ሌላ ምን አደረገች?

የሚከብደው ወዲህ ነው። ጸሎት ይለምናል፤ አስማት ያዛል። («አስማት» በግዕዝ «ስሞች» ማለት መሆኑን ልብ ይሏል።) የለመነ ሰው እምቢ ሊባል ይችላል፤ በስም ኃይል ያሰረ ግን እምቢታን አይጠብቅም። ክታብ ላይ ሁለቱ በአንድ ቀለም ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ጠንቋይና አስማተኛን ያሳደዱ ንጉሥ ናቸው፤ ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው ግን ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፥ ሰይጣንን መካዱን በእጁ ጽፎ እንዲይዝ አዘዙ። ታዲያ ይኸ ከክታብ በምን ተለየ? በግዴታ መሆኑ ነው እንጂ! እኛስ የእናቲቱን እንመርጣለን።

ፈረንጁም አላመለጠም። በመካከለኛው ዘመን የሚጥል በሽታን ለመከላከል የሰብአ ሰገልን ስም ቀለበት ላይ ያስቀርጽ ነበር። በኛ ክታብ የምናገኛቸው የአምስቱ ቅንዋት ስሞች፥ ሳዶር፥ አላዶር፥ ዳናት፥ አዴራ፥ ሮዳስ፥ እ.ኤ.አ. በ79 እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔ ከተገኘ የላቲን ጽሑፍ ጋር ዘራቸው አንድ ነው። ቃሉ ትርጉሙን መንገድ ላይ ጥሎ ባሕር ተሻገረ፤ ይኸው ዛሬም ይታሰራል።

አርሲ ላይ የክርስቲያኑ ክታብ ከሙስሊም ጎረቤቱ ሂርዝ ጋር ይኖራል። ሁለቱም በቆዳ ተሰፍተው ሲንጠለጠሉ ከውጭ ማን ይለያቸዋል? የጭላሎ ብርድም ቤት አይመርጥም። ሕፃኑ ሲያቃስት እናቲቱ ክታቡን አስራለት ጤና ጣቢያም ከወሰደችው ምን እንላታለን? ክታቡን ተማምና ቤት ካስቀረችው ግን ዝም አንልም። ቢሆንም መቀስ ይዘን ክሩን ለመቁረጥ አንሄድም፤ ሕፃኑን ተቀብለን ክታቡ ከነአንገቱ ላይ እንዳለ አብረናት እንወርዳለን።