የመስማት ዕዳ በማን ላይ ነው?

በቋንቋችን መስማት የጆሮ ሥራ ብቻ አይደለም። ሕመም ይሰማናል፤ ደስታም ኀዘንም ይሰማናል። የማይታዘዘውን ልጅ «አይሰማም» እንለዋለን። የሰውን ክብር እንዲህ በአንድ ቃል ላይ ከጫንን በኋላ፣ ጆሮው የማይሰማውንና ዕውቀት የሌለውን ሁለቱንም «ደንቆሮ» ብለን ጠራናቸው። ዛሬ «መስማት የተሳነው» ማለትን ለምደናል፤ የአሮጌው ቃል አሳብ ግን ከብዙዎቻችን ልብ ገና አልወጣም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ላፍቶ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ልጅዋ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ አይሰማም፤ ስለዚህም አይናገርም። እጅዋን ወደ አፍዋ ስትወስድ «ብላ»፣ ጉንጭዋን በመዳፍዋ ስትደግፍ «ተኛ» ማለትዋ እንደ ሆነ ያውቃል። አያቱ ወዴት እንደ ሄዱ፣ አባቱ ነገ ይመለስ እንደ ሆነ፣ ትናንት ስለ ምን እንደ ተቈጣችው ግን የምትነግርበት መንገድ የላትም። ፍቅር አልጐደላትም፤ የጐደላት ቋንቋ ነው።

ቋንቋው ግን ሩቅ አይደለም። በዚያው በላፍቶ አቅራቢያ በመካኒሳ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950ዎቹ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2008 በአውሮጳውያን አቈጣጠር የኢትዮጵያን ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። የገዛ ፊደላችን እንኳ በእጅ ይነገራል፤ «ለ» አንድ የእጅ ቅርጽ አላት፤ «ሉ» እና «ሊ» ለማለት ቅርጹ ሳይለወጥ የእጁ እንቅስቃሴ ይለወጣል፤ እስከ ሰባተኛው ድረስ እንዲሁ ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ከሕፃንነቴ የቈጠርሁት ፊደል አዲስ ሆነብኝ። ምልክት ቋንቋው ራሱ ግን ከፊደሉ ይሰፋል፤ የራሱም ሰዋስው አለው።

እንግዲህ መምህሩ ልጁን ካስተማረ ሥራው ተፈጸመ ወይ? ልጁ ቀን ሲማር ውሎ ማታ የሚመልስለት ሰው ወደሌለበት ቤት ይገባል። ስለዚህ መምህሩ እናቱን፣ አባቱን፣ ታላቅ እኅቱን ካላስተማረ ግማሹን ሥራ ትቶታል። መምህሩ ራሱ መስማት የተሳነው ቢሆን ደግሞ ይበልጣል፤ እናቲቱ በደመወዙ የሚተዳደር፣ የሚቀልድ ሙሉ ሰው ፊት ለፊትዋ ታያለችና።

እርስዋ ግን «ጠበል እየወሰድሁት ነው፤ እጁ ከለመደ አፉ ይሰንፋል» ትል ይሆናል። ሊዘብቱባት አይገባም። በ1880 በሚላኖ የተሰበሰቡ ሊቃውንት፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የሚሰሙ፣ ልጆቹ በአፍ ብቻ ይማሩ ብለው ወሰኑ፤ በብዙ አገርም ምልክት ከትምህርት ቤት ተባረረ። የዚያው ጉባኤ ተከታይ ስሕተቱን አምኖ የተጸጸተው በ2010 በቫንኩቨር ነው። ሊቃውንት መቶ ሠላሳ ዓመት ከዘገዩ እናት አንድ ዓመት ብታመነታ ምን ይደንቃል? ጠበሉንም ትውሰደው፤ ነገር ግን ልጁ ቋንቋ የሚይዝበት ዕድሜ አይጠብቃትም።

ይህን ሥራ ጽድቅ የሚሉት አሉ። እኔ አልስማማም። ምጽዋት ከተረፈን የምንሰጠው ነው፤ ቋንቋ ግን ማናቸውም ሕፃን ሳይለምን ከቤቱ የሚያገኘው ድርሻው ነው። ልጁ ቢጥር ሊሰማ አይችልም፤ እኛ ግን ብንጥር እጃችን ይማራል።

አባት ማታ ደክሞ ይገባል፤ ጣቶቹ ከሥራ ብዛት ደርቀዋል። «ነገ» ለማለት ፈልጎ «ትናንት» ይላል። ልጁም ይስቃል፤ የአባቱንም እጅ ይዞ ያቃናለታል።